ያለፈውን ቸርነት ማሰብ



በአገራችን «እግዚአብሔር ይመስገን» የማይባልበት ሰዓት የለም። ጧት በደጃፍ የተገናኙ ሁለት ጎረቤታሞች «እንዴት አደሩ?» ሲባባሉ መልሱ ይኸው ነው። ከመንገድ የገባ እንግዳ ስለ ጤናው ሲጠየቅም መልሱ ይኸው ነው። በሽተኛ እንኳ በአልጋው ላይ ሆኖ ቢጠየቅ አስቀድሞ ያመሰግናል፤ ሕመሙን የሚናገረው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ከአባቶቻችን የወረስነው መልካም ልማድ ስለ ሆነ ሊጠበቅ ይገባዋል። ነገር ግን ይህን ቃል በቀን ሃያ ጊዜ ከምንናገረው ሰዎች መካከል አንዱን አቁመን «ስለ ምን ነገር ታመሰግናለህ?» ብለን ብንጠይቀው፥ ምናልባት ፈጥኖ የሚመልሰው ያጣ ይሆናል። ምስጋናው በአፉ አለ፤ የሚያመሰግንበት ነገር ግን ከልቡ ጠፍቷል።

የበደሉንን ሰዎች ስምና የበደሉንን ቀን ግን አንረሳም። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የሚለው ምሳሌ የሰውን ጠባይ በእውነት ያሳያል። ከ10 ዓመት በፊት በድንበር ወይም በውርስ ምክንያት ክፉ የተናገረንን ሰው ንግግር ቃል በቃል እንደግመዋለን፤ በዚያው ዓመት ልጃችን ከጽኑ ሕመም የተነሣበትን ወር ግን ለማስታወስ እንቸገራለን። ቂም ጠባቂ አያሻውም፥ ራሱን ይጠብቃል፤ ውለታ ግን ጠባቂ ካላቆሙለት ይጠፋል። እንግዲህ በዚህ ወር ልንነጋገርበት የፈለግነው ነገር፥ እግዚአብሔር ለቤታችን ያደረገው ቸርነት እንዳይረሳ ማን ይጠብቀው? እንዴትስ ይጠበቅ? የሚለው ነው።

ድንጋዮቹ ለልጆች ነበሩ

እስራኤል በኢያሱ መሪነት ዮርዳኖስን በደረቅ በተሻገሩ ጊዜ፥ ከየነገዱ አንድ አንድ ሰው፥ በጠቅላላው 12 ሰዎች ተመርጠው፥ ካህናቱ ታቦቱን ተሸክመው ከቆሙበት ስፍራ፥ ከወንዙ መካከል፥ 12 ድንጋዮች እንዲያወጡ ታዘዙ። ድንጋዮቹም በጌልገላ ቆሙ። ታሪኩ በመጽሐፈ ኢያሱ በ4ኛው ምዕራፍ ይገኛል። ይህን ስናነብ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ወንዙን በእግሩ ለተሻገረው ሰው ድንጋይ አያስፈልገውም ነበር፤ ውኃው ሲቆም በዓይኑ አይቷልና። ድንጋዩ የቆመው ላላየው፥ ይልቁንም ገና ላልተወለደው ልጅ ነው። ያ ልጅ አድጎ በስፍራው ሲያልፍ ስለ ድንጋዩ መጠየቁ አይቀርም፤ በዚያን ጊዜ አባቱ ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሮ ይነግረው ዘንድ ታዘዘ።

ስለዚህ ትእዛዙ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ምልክት ማቆም ነው፤ ሁለተኛው ምልክቱን መተርጐም ነው። ከሁለቱ አንዱ ቢጐድል ሌላው ከንቱ ይሆናል። ምልክት ከሌለ ልጁ አይጠይቅም። የሚነግር አባት ከሌለ ደግሞ ድንጋዩ ድንጋይ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ከብት ይታከክበታል እንጂ ማንም አይማርበትም።

እንዲሁም በምድረ በዳ ሳሉ አንድ ጎሞር መና ለሚመጣው ትውልድ እንዲቀመጥ ታዞ ነበር። ይህም በከነዓን የእርሻ እህል እየበላ የሚያድገው ልጅ፥ አባቶቹ እርሻ በሌለበት ምድር ምን በልተው እንደ ኖሩ ያውቅ ዘንድ ነው። ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን ያን መና የያዘውን የወርቅ መሶብ የእመቤታችን ምሳሌ አድርጋ ታስተምራለች፤ የሕይወትን እንጀራ ይዛልናለችና።

የኅዳር ጢስ

ምልክት ያለ ነጋሪ ሲቀር ምን እንደሚሆን የሚያስረዳን ምሳሌ በራሳችን አገር አለ። በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር፥ በዚያን ጊዜ ዓለምን ሁሉ ያዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ በአዲስ አበባ ላይ በረታ። ሕዝቡም «የኅዳር በሽታ» ብሎ ሰየመው። በከተማይቱና በአገሪቱ ብዙ ሺህ ሰው አለቀ፤ ቀባሪ እስከ መታጣት ተደረሰ። በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኰንን፥ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት፥ ራሳቸው በበሽታው ተይዘው በጽኑ ከታመሙ በኋላ ድነዋል። ያም መቅሠፍት ካለፈ ወዲህ፥ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቤትንና ግቢን ጠርጎ ጥራጊውን በየደጃፉ ማቃጠል፥ በተለይ በአዲስ አበባ፥ የጸና ልማድ ሆኖ ኖሯል። «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ይህ ነው። ዕለቱ የቅዱስ ሚካኤል ዓመታዊ በዓል ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም በዚህ ቀን መልአኩ እስራኤልን ከግብፅ ሲወጡ እንደ መራቸው ታስባለች። በዚህ ዓይነት ሁለት መዳን፥ አንዱ የጥንት አንዱ የቅርብ፥ በአንድ ቀን ተገናኝተዋል።

ነገር ግን ከዚያ እሳት ዙሪያ ከሚቆሙት ልጆች አንዱን «ይህ ለምን ይደረጋል?» ብንለው፥ ብዙውን ጊዜ «ቆሻሻ ለማቃጠል ነው» ወይም «ልማድ ነው» ከማለት አያልፍም። ልጁ አልተሳሳተም፤ የነገረው የለም። ጢሱ ቆየ፥ ነገሩ ተረሳ። ጢሱ ለጤና አይበጅም ተብሎ እሳቱ ቢቀር እንኳ ጉዳት የለበትም፤ ሊቀር የማይገባው፥ አያቶቻችን በዚያ ወር ከምን እንደ ተረፉ፥ እኛም የተወለድነው ከተረፉት መሆኑን የሚናገረው ቃል ነው።

1911 ሩቅ ነው የሚል ካለ 2012 ዓ.ም. ቅርብ ነው። የኮሮና ወረርሽኝ በገባበት በዚያ ዓመት ምእመናን በየቤታቸው ሆነው እንዲጸልዩ ተነግሮ ስለ ነበር፥ ብዙዎቻችን የትንሣኤን በዓል ከቅጽረ ቤተ ክርስቲያን ርቀን፥ ሥርዓቱን በቴሌቪዥን እየተከታተልን አሳለፍነው። በዚያን ጊዜ «ይህን ቀን አልፌ ደጀ ሰላሙን በረገጥሁ! እንደ ቀድሞው መስቀል በተሳለምሁ!» ብሎ ያልተመኘ ማን ነው? ዛሬ ደጁ ክፍት ነው። ያን ምኞት ያስታወሰ ሰው ግን ስንት ነው? ቅዳሴው ረዘመ ብለን ስናጉረመርም፥ ወይም እሑድን በመኝታ ስናሳልፍ፥ የተመኘነው ነገር በእጃችን ገብቶ ሳለ እንዳልተሰጠን ሆነን መኖራችን ነው።

ማሰብን በቀን መወሰን

ቤተ ክርስቲያን የሰውን ዝንጉነት ታውቃለችና ማሰብን ለስሜታችን አልተወችውም፤ ቀን ወስና ሰጠችን። ወር በገባ በ12 ቅዱስ ሚካኤል፥ በ16 ኪዳነ ምሕረት፥ በ21 እመቤታችን፥ በ27 መድኃኔ ዓለም፥ በ29 በዓለ ወልድ ይታሰባሉ። ስንክሳሩም ለእያንዳንዱ ዕለት የራሱን መታሰቢያ ይዟል። በቅዳሴውም ጸሎተ አኰቴት የሚባለው ጸሎት አለ፤ እስከዚያች ሰዓት ያደረሰን እግዚአብሔር መሆኑን እየጠቀሰ ያመሰግናል።

የምሥጢራት ሁሉ መክብብ የሆነው ቅዱስ ቁርባን ራሱ አኰቴተ ቁርባን ይባላል፤ አኰቴት ማለት ምስጋና ነው። ጌታችን ይህን ምሥጢር የመሠረተባትን ሌሊት እናስብ። አልፎ የተሰጠባት ሌሊት ነበረች። በዚያች ሌሊት ኅብስቱን ይዞ አመሰገነ፤ ይህንንም መታሰቢያው አድርገን እንድንፈጽመው አዘዘን። ምስጋናና መታሰቢያ በአንድ ማዕድ ላይ የተገናኙት በዚያች ሌሊት ነው። እንግዲህ ምስጋና የደስታ ቀን ጌጥ ብቻ አይደለም፤ በመከራ ዋዜማም የሚቀርብ መሥዋዕት ነው።

በየቤታችን የምናደርገው ዝክርም ትርጓሜው በስሙ ውስጥ አለ። «ዘከረ» በግዕዝ «አሰበ» ማለት ነውና ዝክር መታሰቢያ ነው። ጠላው ተጠምቆ፥ ዳቦው ተደፍቶ፥ ጎረቤት ተሰብስቦ በልቶ ጠጥቶ ሲሄድ፥ ይህ ዝክር በዚህ ቤት ለምን እንደ ተጀመረ አንድ ሰው እንኳ ሳይናገር ከቀረ፥ ድግሱ ተደርጓል፥ ዝክሩ ግን አልተደረገም። ምናልባት አያት በምጥ ተጨንቃ ሳለች የተሳለችው ይሆናል፤ ምናልባት አባት ከእስር በተፈታ ጊዜ የገባው ቃል ይሆናል። ልጆቹ ግን የሚያውቁት በዚያ ቀን ዳቦ መኖሩን ብቻ ነው። አያት ካለፈች በኋላ ዝክሩ ከባድ ወጪ መስሎ ይታያቸዋል፤ ጥቂት ቆይቶም ይቀራል። ዝክሩን ያስቀረው የእህል መወደድ ብቻ አይደለም፤ ነገሩ ሳይነገር መኖሩም ነው።

ላለፈ ክረምት

«ላለፈ ክረምት ቤት አይሠራም» የሚል ምሳሌ አለ። ስለዚህ ያለፈውን ማንሣት ምን ይጠቅመናል? የዛሬው ጭንቀት ይበቃናል የሚል ይኖር ይሆናል። በእርግጥ ላለፈው ክረምት ቤት አይሠራም። ነገር ግን ለሚመጣው ክረምት ቤቱን የሚያድስ ሰው፥ ባለፈው ክረምት ጣራው በየት በኩል እንዳፈሰሰ፥ ግድግዳው ሲያዘምም ማን መጥቶ እንደ ደገፈለት አስታውሶ ነው የሚያድሰው።

ዳዊት ጎልያድን ልግጠም ባለ ጊዜ ሳኦል የልጁን ታናሽነትና የፍልስጥኤማዊውን የጦር ልምድ አነጻጽሮ ሊከለክለው ፈለገ። ዳዊት ስለ ክንዱ ብርታት አልተከራከረም። በጎች ሲጠብቅ የመጡበትን አንበሳና ድብ አነሣ፤ ከእነዚያ ያዳነው አምላክ ከዚህም እንደሚያድነው ተናገረ። በንጉሥ ፊት ያቀረበው ምስክር ያለፈ ነገር ነበረ። አንበሳውን ረስቶት ቢሆን ኖሮ በጎልያድ ፊት ምን ይዞ ይቆም ነበር?

እኛም የቤት ኪራይ ሲጨምር፥ የልጆች የትምህርት ወጪ ሲከብድ፥ ወይም ከሥራ ስንወጣ፥ በልባችን የሚመላለሰው ሐሳብ «እግዚአብሔር ትቶኛል» የሚል ነው። ለዚህ ሐሳብ በክርክር ብቻ መልስ አይገኝለትም። መልሱ፥ «በዚያ ዓመት ደግሞ እንዲህ መስሎን ነበር፤ ነገር ግን በዚህ ሰው እጅ፥ በዚህ መንገድ አሻገረን» ተብሎ ከቤቱ መዝገብ ይወጣል። መዝገቡ ባዶ የሆነበት ሰው ግን መከራ በመጣ ቁጥር ከእግዚአብሔር ጋር አዲስ ትውውቅ ይጀምራል። ያለፈው ቸርነት ስንቅ ነው፤ ስንቅም የሚታሰረው መንገድ ሳይጀመር ነው።

ያዘነ ሰው እንዴት ያመስግን?

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። በዚያ በኅዳር በሽታ በአንድ ግቢ ውስጥ አንዱ ሲተርፍ ሌላው ሞቷል። የተረፈው ሲያመሰግን የሞተበት ምን ይበል? ዛሬም ልጅዋ ከጦር ሜዳ የተመለሰላት እናት አለች፤ ያልተመለሰላትም አለች። ሁለቱም በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቆመው ያስቀድሳሉ።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንጠንቀቅ። አንደኛው፥ ምስጋናችን ትምክሕት እንዳይሆን ነው። ጌታችን የሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለ ሞቱት 18 ሰዎች ሲያስተምር፥ ከሌሎቹ የኢየሩሳሌም ሰዎች የባሱ በደለኞች እንዳልነበሩ ገልጿል። እንግዲህ የተረፈ ሰው ስለ ጽድቁ የተረፈ አይምሰለው፤ የሞተውም ስለ ኃጢአቱ ሞተ ብሎ አይፍረድ። በትሕትና ያላመሰገነ ሰው በጎረቤቱ ቁስል ላይ ጨው ይነሰንሳል።

ሁለተኛው፥ ያዘነውን ሰው «አመስግን እንጂ!» ብለን እንዳናስጨንቀው ነው። ከአሳፍ መዝሙራት አንዱን፥ በግዕዙ ዳዊት 76ኛ የሆነውን፥ እናንብበው። ጸሐፊው በሌሊት እጁን ዘርግቶ ይጮኻል፤ ነፍሱም መጽናናትን እንቢ ትላለች፤ እግዚአብሔር ምሕረቱን ረስቶ እንደ ሆነ እስከ መጠየቅ ይደርሳል። ይህ ጥያቄ ከመጽሐፍ አልተፋቀም። ከዚያ በኋላ ግን ወደ ቀድሞው ዘመን ይመለሳል፤ እግዚአብሔር ሕዝቡን በባሕር መካከል እንዳሳለፈ ያስባል። ሐዘኑ አልተካደበትም፤ ነገር ግን ከሐዘኑ ጋር ብቻውን አልቀረም። ገና ያላለቀሰውን ከማልቀስ አንከልክለው፤ አጠገቡ እንቀመጥ። እርሱ ማሰብ ባልቻለበት ወራት ስለ እርሱ የምናስብለት እኛ ነን። ማኅበረ ክርስቲያን መሆን አንዱ ጥቅሙ ይህ ነው።

በቤታችን ምን እናድርግ?

አንደኛ፥ ምስጋናችን ስም ይኑረው። በማታ ጸሎት ጊዜ ከቤተ ሰቡ እያንዳንዱ በዚያ ቀን ስለ ተደረገለት አንድ ነገር ብቻ ስሙን ጠርቶ ያመስግን። ሕፃኑ «ስለ አዲሱ ጫማዬ» ቢል አንሣቅበት፤ ከአንዳንድ አዋቂ ይልቅ እርሱ በትክክል አመስግኗል።

ሁለተኛ፥ እንጻፈው። ብዙ አባቶች የልጆቻቸውን የልደትና የክርስትና ቀን በዳዊታቸው ባዶ ገጽ ላይ ይጽፉ ነበር። እኛም አንድ ደብተር ከጸሎት መጻሕፍት አጠገብ እናኑር፤ ቀኑን፥ ጭንቁን፥ መውጫውንና እግዚአብሔር መሣሪያ ያደረገውን ሰው ስም በሦስትና በአራት መስመር እናስፍር። የወደፊት ልጆቻችን ከማናቸውም የቤት ዕቃ ይልቅ ይህን ደብተር ሊፈልጉት ይችላሉ።

ሦስተኛ፥ እንንገረው። የቤቱ ዝክር በሚደረግበት ቀን ዳቦው ከመቈረሱ በፊት አባት ወይም እናት፥ አያት ካሉም እርሳቸው፥ ነገሩን ባጭሩ ይናገሩ። ልጆቻችንን ተመስገን፥ ካሳሁን፥ ምሕረት፥ ሀብተ ማርያም እያልን ሰይመናቸዋል። ተመስገን ስሙ ለምን ተመስገን እንደ ሆነ ያውቃልን? ስሙ የቆመ ድንጋይ ነው፤ ሳይተረጐምለት አይደግ።

አራተኛ፥ ወደ ሰዎቹም እንመለስ። እግዚአብሔር የረዳን ብዙውን ጊዜ በሰው እጅ ነው፤ በአዋላጅ፥ በሐኪም፥ በጨለማ ተነሥቶ በመጣ ጎረቤት፥ ወይም ወለድ ሳይጠይቅ ባበደረ ወዳጅ እጅ። ከለምጽ ከነጹት ከዐሥሩ ሰዎች ዘጠኙ ክፉ ሥራ ሠሩ ተብሎ አልተጻፈም፤ መንገዳቸውን ቀጠሉ እንጂ አልተመለሱም። ጌታችን ግን «የት አሉ?» ብሎ ጠይቋል። «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» እንዳይሆንብን፥ በሕይወት ሳሉ ደጃቸውን እናንኳኳ።

አምስተኛ፥ ማሰባችን ምጽዋት ይውለድ። በሕገ ኦሪት የመከር ቃርሚያ ለመጻተኛ፥ ለድሀ አደግና ለመበለት እንዲተው ሲታዘዝ የተሰጠው ምክንያት፥ እስራኤል ራሳቸው በግብፅ ባሪያዎች እንደ ነበሩ ማሰባቸው ነው። በተራበ ጊዜ ያበሉት ሰው የዛሬውን ረኃብተኛ በፊቱ ያውቀዋል። ከቤት ኪራይ የተባረረ፥ የተባረረውን ያስጠጋ፤ በስደት አገር መንገድ ያሳዩት፥ አዲስ ለመጣው መንገድ ያሳይ። ካለፈው ምሕረት ዛሬ ለሌላው ካልደረሰ፥ የተቀበልነውን አሰብን ማለት አንችልም።

የተወደዳችሁ ወላጆች ሆይ፥ በቤታችን ታላቅ ተአምር አልተደረገምና ምን እንነግራለን? አትበሉ። ልጁ በጤና ማደጉ፥ የተጣሉት ወንድማማቾች መታረቃቸው፥ ባዶ የነበረው ጎተራ በዚያ ዓመት ያለ ልመና ክረምቱን ማሳለፉ፥ ይህ ሁሉ የሚነገር ነው። ልጆቻችን አንድ ቀን፥ እኛ በሌለንበት፥ የራሳቸው ዮርዳኖስ ይገጥማቸዋል። በዚያን ጊዜ ከእኛ የሚቀርላቸው ቤትና ገንዘብ ላይሆን ይችላል። «እግዚአብሔር አባቴንና እናቴን በዚህ ቀን እንዲህ አድርጎ አሻግሯቸዋል» ብለው የሚቆሙበት አንድ ድንጋይ ግን እያንዳንዳችን ልናቆምላቸው እንችላለን።

ያደረገልንን የምናስብበት ልቡና፥ ለልጆቻችን የምንናገርበት አንደበት፥ ለተቸገሩት የምንዘረጋው እጅ፥ ቸርነቱ የማያልቅበት እግዚአብሔር አምላካችን ለሁላችንም ያድለን። አሜን።

ይቆየን።